ቤት ያጣ ስም

ኮፐንሃገን፣ ጃንዋሪ 9 ቀን 1960

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ ለኢናሉክ፣ ሲዮራክ።

ይህ ደብዳቤ ፖስታውን በበረዶ ላይ የሚያመጣውን የውሻ ጋሪ ሲጠብቅ ስንት ሳምንት እንደሚቀመጥ ስለማላውቅ፣ ለገናም፣ ለአዲሱ ዓመትም፣ ለፀሐይ መመለስም አንድ ላይ እንኳን አደረሰዎት። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ውሾቹስ? እኛ ደህና ነን። የንስ ትራሙን ይነዳል። ኒልስ ሦስት ዓመት ሞላው፤ አፉ ግን ሠላሳ ዓመት የሞላው ነው።

አንድ ወሬ አለኝ። ደግሜ አርግዣለሁ። ማርች መጨረሻ ላይ ትወልጃለሽ ብለውኛል። የየንስ እናት ከአሁኑ በየቀለሙ የሱፍ ካልሲ ሠርተው ሠርተው መሳቢያ ሞልተዋል። ለየንስ «ኢናሉክ የእኛን ልጅ በሱፍ ካልሲ ብታይ ጉዴ ነው» አልኩት። «ትቆጣለች?» አለኝ። «አትቆጣም፣ ትስቃለች። የሚያስፈራው እሱ ነው» አልኩት።

ስለዚህ አክስቴ፣ ላስቸግርዎ ነው። ለሕፃኑ አንድ ጥንድ ጫማ ይሰፉልኛል? ያንን እርስዎ በጅማት የሚሰፉትን፣ ውሃ የማያስገባውን የአቆስጣ ቆዳ ጫማ። ለእኔ በልጅነቴ የሰፉልኝ እስካሁን ከአልጋዬ በላይ ተሰቅሏል። እዚህ ሱቅ የሚሸጠው ለዓይን እንጂ ለእግር አይሆንም።

የስሙን ነገር አሁን እንዳያነሱብኝ እለምንዎታለሁ። ኒልስን በየንስ አባት ስም ስንጠራው እንደተቀየሙኝ አውቃለሁ። ያን ጊዜ እናቴ ከሞተች ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር። ስሟን መጥራት አልቻልኩም። «እማ» የሚለውን ቃል ከአፌ ካወጣሁ ይኸው አራት ዓመቴ ነው።

ጤናዎን እየተመኘሁ፣
የእህትዎ ልጅ ኢቫሉ


ሲዮራክ፣ ማርች 3 ቀን 1960

ለእህቴ ልጅ ለኢቫሉ፣ ለትራም ነጂው ባልሽ፣ ለአፈኛው ኒልስ፣ ሱፍ ለሚሠሩት አማትሽም ጭምር፣ ከነፋሱ አገር ሰላምታዬ በያላችሁበት ይድረሳችሁ። እግዚአብሔር ማሕፀንሽን ይጠብቅ።

ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰ። ከጃንዋሪ ጀምሮ መንገድ ላይ ነበር፤ ጋሪ ነጂው በየመንደሩ ሰርግ የቆመ ይመስለኛል። ሰባኪያችን ካራሌ ላንብብልሽ አለኝ፣ ለራሴ ዓይን አለኝ ብዬ አባረርኩት። መነጽሬ መሰበሩን ግን አልነገርኩትም።

ስለ ስሙ አታንሺ አልሽኝ። አነሳለሁ። እኔ ካላነሳሁ ማን ያነሳል? ሰው ሲሞት ስሙ ቤት የሌለው ሆኖ ይቀራል፣ ሕፃን እስኪለብሰው ድረስ ይበርደዋል። ይህን ለአንቺ መንገር የለብኝም፣ ነገር ግን ዴንማርክ ብዙ ያስረሳል። የካራሌን ትንሿን ልጅ ተመልከቻት። በአባቴ በኡሳርካክ ስም ተጠራች፣ አምስት ዓመቷ ነው፣ የፊት ጥርስ የላትም፣ እኔም አባቴ እላታለሁ። ትናንት መጥታ «ልጄ፣ ስኳር አምጪ» አለችኝ። «ጠዋት ሰጥቼዎት አልነበር፣ አባቴ?» ብላት፣ «አባትሽን ልትከለክይ ነው?» ብላ ግንባሯን ቋጠረች። ምን ላድርግ፣ አባቴ ናቸው። ሰጠሁ።

እህቴ ቱኩማ ግን እስካሁን ማንም አልለበሳትም። ባለፈው ዓመት እዚህ ሁለት ሴቶች ተወልደው ነበር። እናቶቻቸው ስሟን ቢጠይቁኝ «ይህ የኢቫሉ ነው፣ አይነካም» ብዬ ከለከልኩ። እናትሽ አራት ክረምት ውጭ ቆማለች፣ ኢቫሉ። ሴት ከተወለደች ቱኩማ በያት። ያኔ እናትሽን በክንድሽ ታቅፊያታለሽ፣ እማም ትያታለሽ። ከዚህ በላይ አልጨቀጭቅሽም።

ጫማውን በደስታ። ለመርገጫው የሚሆን ወፍራም ቆዳ አለኝ። ለላይኛው የሚሆን ለስላሳ ግን የለኝም፣ ያለኝም ለሕፃን እግር ይሻክራል። ስለዚህ ነገ ስድስቱን ውሾች ጠምጄ በረጋው ባሕር ላይ ወደ ድቡ አፍንጫ እወጣለሁ፤ እዚያ ወጣት አቆስጣ አይጠፋም። ሁለት ቀን ብቻ ነው። ለመንደሩ ወንዶች ብነግራቸው «በዚህ ዕድሜሽ!» ይሉኛል። ስለዚህ አልነግራቸውም።

ደብዳቤውን ለጋሪው ሰጥቼ ልተኛ። ልጁ በሰላም ይውጣልሽ።
አክስትሽ ኢናሉክ


ኮፐንሃገን፣ ኤፕሪል 10 ቀን 1960፣ ሆሳዕና

አክስቴ ሆይ፣

ይህን ደብዳቤ ለማን እንደምጽፈው አላውቅም። ሰባኪው ካራሌ ባዶው ቤትዎ ደጃፍ ላይ ቆሞ እንዲያነበው እልከዋለሁ።

ማርች 24 ቀን ከመንደሩ መደብር ሹም ቴሌግራም መጣ። «ኢናሉክ ከማርች 4 ጀምሮ በበረዶ ላይ ጠፍታለች። አሥራ አንድ ቀን ተፈለገች። ፍለጋው ቆሟል።» በሦስተኛው ቀን ወለድኩ። ሴት ናት። ምጡ ከባድ ነበር፤ ልጅቷ ወጣች፣ ለቅሶው ግን እስካሁን እንዳልወጣ ነው የሚሰማኝ።

ባለፈው ረቡዕ ደግሞ ደብዳቤዎ መጣ። የሞተ ሰው ደብዳቤ ሲከፈት ምን እንደሚመስል ለጠላቴም አልመኝም። ስኳር ስለምትለምነዋ አባትዎ ሳነብ ሳቅሁ። ቀጥሎ «ነገ ወደ ድቡ አፍንጫ እወጣለሁ» የሚለው ላይ ደረስኩ። ለጫማው። እኔ በአፌ ለጠየቅሁት ጫማ።

ዛሬ ልጄን አስጠመቅሁ። ቱኩማ እንድላት ለምነውኝ ነበር፤ አውቃለሁ። እስከ ትናንት ድረስ ቱኩማ ልላት ነበር። መጥመቂያው ፊት ቆሜ ግን እርስዎ ታዩኝ። እናቴ በአልጋዋ፣ በሰው መካከል ሞተች። እርስዎ በዚያ ብርድ ብቻዎን ነዎት፣ ልጅ የለዎት፣ መቃብር እንኳ የለዎት። ቄሱ «ስሟ ማን ይባል?» ሲሉ አፌ «ኢናሉክ» አለ።

እናቴ ትጠብቃለች፣ ለምዳዋለች። እርስዎ ግን ገና አዲስ ነዎት፤ ቶሎ ይግቡ፣ ይሙቁ ብዬ ነው። ይኸው አሁን እጄ ላይ ተኝተዋል። ጉንጭዎ ቀልቷል።

ኢቫሉ


ኮፐንሃገን፣ ኤፕሪል 15 ቀን 1960

አክስቴ! አክስቴ ኢናሉክ!

ትናንት ቴሌግራም መጣ። «ኢናሉክ በእግሯ ተመልሳ መጥታለች።» የመደብሩ ሹም ሰክሮ እንደሆነ የንስ መልሶ ጠየቀ። አልሰከረም አሉ። ኩሽናው ውስጥ ጮህኩ፣ ጎረቤት መጣ፣ ኒልስ አብሮኝ ጮኸ፣ ሕፃኗ አለቀሰች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሺህ ጊዜ ይመስገን።

ደስታዬን ሳልጨርስ ግን ያደረግሁትን አሰብኩ። በቁምዎ ስምዎን አውጥቼ ለሌላ ሰጠሁ። የንስ «ምን አለበት? እኔ በነበርኩበት ክፍል ብቻ ስድስት የንስ ነበርን፣ ማንም አልሞተም» ይላል። እሱ ምን ያውቃል! እኔና እርስዎ እናውቃለን። አንድ ስም የሟች ነው ወይም የሕፃን ነው፤ በሕይወት ካለ ሰው ላይ ከተወሰደ ያ ሰው ባዶውን ይቀራል። ቦሌቴና ሌሎቹ የመንደሩ ባልቴቶች ምን እንደሚሉ ከዚህ ሆኜ ይሰማኛል።

አክስቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። ይመለስ ካሉ ነገውኑ ቄሱ ደጅ እተኛለሁ። ይሁን ካሉም ይሁን። ብቻ ይንገሩኝ። ሕፃኗን እስከዚያ በስሟ አልጠራትም፣ «ትንሿ» ነው የምላት። እጅና እግርዎስ ደህና ነው? አርባ ቀን! ከምን ተሠሩ እርስዎ?

ኢቫሉ


ሲዮራክ፣ ጁን 1 ቀን 1960

ለኢቫሉ፣ ለቤተሰቧም ሁሉ፣ በእግሯ ከመጣችው ሴት ሰላምታ ይድረስ።

ሁለቱ ደብዳቤዎችሽ በአንድ ከረጢት መጡ። መጀመሪያ ለሟቿ የተጻፈውን አነበብኩ፣ ለራሴም አለቀስኩ። ከዚያ በሕይወት ላለችው የተጻፈውን አነበብኩ። በቁም ሲለቀስልሽ መስማት እንዴት ደስ ይላል መሰለሽ፣ ለሰው አትንገሪብኝ እንጂ። ጽሕፈቴ ቢንጋደድብሽ የመደብሩን እስክሪብቶ ውቀሺ።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። ማርች 4 ጠዋት ስወጣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ከሰዓት በኋላ በባሕሩ በረዶ ላይ አቆስጣ ከውሃው ብቅ ብሎ የሚተነፍስበት ቀዳዳ አግኝቼ ጦሬን ይዤ ስጠብቅ ከየብስ በኩል ነፋሱ ተነሳ። ያንን ነፋስ ታውቂዋለሽ። መሪዋ ውሻዬ ካሎክ ከእኔ በፊት አውቃ ፊቷን ወደ ቤት አዞረች። እኔ ጅሏ ግን «ትንሽ ቆዪ፣ አሁን ይመጣል» እያልኩ ቀዳዳው ላይ ተተከልኩ። አቆስጣው ሳይመጣ በረዶው ተሰነጠቀ። ውሾቹን ጠምጄ እስክደርስ በእኔና በየብሱ መካከል ያለው ውሃ የቤተ ክርስቲያናችንን ያህል ሰፍቷል።

ሁለት ቀን ተንሳፈፍን። በረዷችን ከጠርዙ እየተቆረሰ በየሰዓቱ ያንሳል። በሁለተኛው ቀን ማዕበል ጋሪውን ሰብሮ ሁለት ውሾች ከነማሰሪያቸው ወሰደብኝ። በሦስተኛው ቀን ከወፎች ደሴት ጋር ተላተምን። በልጅነትሽ እንቁላል የለቀምሽባት ናት። በማርች እንቁላል ቀርቶ ወፍ የላትም።

ዘልዬ ወረድኩና ያለኝን አየሁ። ጦር፣ በረዶ መቁረጫ ቢላዋ፣ ድስት፣ ትንሿ የስብ ኩራዝ፣ በፊኛ የተጠቀለለ ክብሪት፣ መርፌ፣ ግማሽ ከረጢት የውሾች ደረቅ ዓሣ። አራት ውሻ። አንዲት የተናደደች አሮጊት።

ሰው ሲጠፋ የሚያምረው መሮጥ ነው። የሮጠ ያልበዋል፣ ላቡ ይረጋል፣ በዚያው ይቀራል። አባቴ፣ ስኳር የምትወደዋ ሳትሆን የዱሮው፣ «መጀመሪያ ተቀመጪ፣ ቀጥሎ ጓንትሽን አድርቂ፣ ማሰቡ ከዚያ ነው» ይለኝ ነበር። ተቀመጥኩ። ጓንቴን ሆዴ ውስጥ አድርጌ አደረቅሁ። ከዚያ በረዶ እየቆረጥኩ፣ ከውስጥ ሆኜ በዙሪያዬ እየደረደርኩ ጎጆ ሠራሁ። ከውጭ የሚያቀብል ሰው ስላልነበረ ጣሪያው ተንጋደደ፤ ያን ሁሉ ቀን ጣሪያውን እያየሁ አፍሬያለሁ።

ዓሣው አለቀ። በዘጠነኛው ቀን ካሎክ በደሴቷ ጥግ፣ በረዶው ሳይሰበር በቀረበት፣ አንድ ቀዳዳ አሸተተችልኝ። ከንጋት እስከ ምሽት ቆምኩ። አትነቃነቂ፣ አትሳዪ፣ እግርሽ ቢደነዝዝም አትርገጪ። የገዛ ሆዴ ጩኸት እንዳያሰማብኝ ፈርቼ ነበር። ውሃው ተነፈሰ። ወጋሁ። ኢቫሉ፣ እንዴት እንደጮህኩ! ሥጋው ለእኔና ለውሾቹ፣ ስቡ ለኩራዙ። ቆዳው ደግሞ ለስላሳ፣ ወጣት፣ እንከን የሌለው። «ይኸው የኢቫሉ ጫማ» አልኳት ለካሎክ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ነበረኝ። ቆዳውን ፋቅሁ፣ ዘረጋሁ፣ በጥርሴ እያኘክሁ አለሰለስኩ። እሱን ስጨርስ የካፖርቴን ጠርዝ እፈታና መልሼ እሰፋለሁ፣ በማግስቱ እንደገና እፈታለሁ። እጅ ሥራ ከፈታ ጭንቅላት ይሸሻል።

በሃያኛው ቀን ነጭ ድብ መጣ። ውሾቹ ከበቡት፣ አንዱን በጥፊ ገደለብኝ። እኔ ጦሬን በግራ ይዤ ድስቱን እየደበደብኩ የፋሲካን መዝሙር ለቀቅሁበት። ካራሌ ሁልጊዜ «ያንቺ ድምፅ ምእመን ያባርራል» ይለኛል። ድብም ያባርራል።

ሥጋው በሠላሳኛው ቀን አለቀ። ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን ሽበት ፍቄ ቀቀልኩ። የጋሪውን ጠፍር ከአንዱ በቀር ቀቀልኩ። ከሦስቱ ውሾች ሁለቱን ... ስማቸውን አልጽፈውም። ደህና ውሾች ነበሩ። ያን ቆዳ ግን አልበላሁም። አንድ ቀን ድስቱ ውስጥ ከትቼው ነበር። ውሃው ሳይፈላ መልሼ አወጣሁት። ካሎክ ምስክሬ ናት።

በመጨረሻ ኃይለኛ ብርድ መጥቶ ባሕሩ እንደገና ረጋ። መሄድ እንደነበረብኝ አውቃለሁ። ግን አቃተኝ። ሦስት ቀን ተኛሁ፣ ጸሎቴንም አደረስኩ። በሠላሳ ስምንተኛው ቀን ጠዋት ምን እንደሆነ እንጃ፣ አንድ ሰው ከኋላዬ መጥቶ ሸክሜን ከጀርባዬ ያወረደልኝ መሰለኝ። ቀለለኝ። ተነስቼ ጫማዬን አሰርኩ።

አዲስ በረዶ ጥቁር ነው፣ ከእግርሽ ሥር ይተጣጠፋል። እግርሽን ገንጠል አድርገሽ እያንሸራተትሽ፣ በጦር እየፈተንሽ መሄድ ነው፤ መቆም የለም። የቆመ ይሰምጣል። አንድ ቦታ እስከ ብብቴ ገባሁ፣ ካሎክ በጠፍሩ ጎትታ አወጣችኝ። አንድ ጓንት ጠፋብኝ።

ሁለት ሌሊት አሮጌ ወፍራም በረዶ ላይ አርፌ፣ ማክሰኞ መንደር ደረስኩ። መጀመሪያ ያየችኝ ጎረቤቴ ሬጊኔ ናት፣ በእጇ የእኔን ማንቆርቆሪያ ይዛ። «መንፈስ ነሽ?» ብላ ጮኸች። «መንፈስ ብሆን ማንቆርቆሪያ ምን ያደርግልኛል? መልሺ!» አልኳት። ዕቃዬን ተከፋፍለውት ኖሯል። ከዚያ ትንሿ ኡሳርካክ ወገቧን ይዛ መጣች። «ልጄ አትጠፋም ብያቸው ነበር፣ እነሱ ግን ዝም በይ አሉኝ» አለች። አባቴ ብዬ አቀፍኳት። ያኔ ነው ያለቀስኩት።

ስለ ሕፃኗ ስም የጻፍሽውን አንብቤያለሁ። እሱን ተኝቼ አስብበታለሁ።

ደህና ሁኚ።
አክስትሽ


ኮፐንሃገን፣ ጁላይ 5 ቀን 1960

ይድረስ ለማደንቅዎ፣ ለምፈራዎም አክስቴ። እግዚአብሔር ጤናውን አብዝቶ ይስጥልኝ።

ደብዳቤዎን ለየንስ ወደ ዴንማርክኛ እየመለስኩ አነበብኩለት። ድስቱ ውስጥ የገባው ቆዳ ላይ ስደርስ ተነስቶ መስኮት ጋ ቆመ። በማግስቱ እርስዎን እያሰበ ትራሙን ሁለት ፌርማታ አሳልፎ ሄደ። ተሳፋሪዎች ሲጮሁበት «የሚስቴ አክስት ድብ በመዝሙር አባረረች» አላቸው። አሁን ያ መስመር በሙሉ ያውቅዎታል። አማቴ እንኳ ካልሲ መሥራት አቁመው «ይህችን ሴት ሳላያት አልሞትም» ይላሉ። እኔማ ምን እላለሁ! የእህትዎ ልጅ በመሆኔ ደረቴ ተነፍቶ ነው የምሄደው።

ግን ሁሉን አልነገሩኝም። ጽሕፈትዎ ወደ ግራ ያጋደለው በእስክሪብቶ አይደለም። የመንደራችን ሰው ሚኪሱክ ለሳንባው ሕክምና እዚህ ሆስፒታል መጥቷል፣ ልጠይቀው ሄድኩ። ከቀኝ እጅዎ ሦስት ጣት መቆረጡን ነገረኝ። ጓንት ብቻ ነው የጠፋብኝ አሉኝ፣ አይደል? ከሜይ ጀምሮ እየሳሉ ከአልጋ እንደማይነሱም ነገረኝ። ስወተውተው ደግሞ የቦሌቴን ቃል አወጣው። «ስሟን ወስደውባት፣ ምን ይዛ ትነሳ?» ትላለች አለኝ።

አክስቴ፣ ትንሿ እንደ ጉድ እየወፈረች ነው። ትስቃለች፣ እግሯን ትፈራገጣለች። በወፈረች ቁጥር እኔ እከሳለሁ። ከእርስዎ እየወሰደች ይመስለኛል። ቄሱ ጋ ሄድኩ፣ «በመዝገብ የተጻፈ አይፋቅም፣ ልጄ፣ ይህ ደግሞ ምን ያስለቅሳል?» አሉኝ። እኔ ግን ከቤት በሌላ ስም ልጠራት እችላለሁ። ቱኩማም ልላት እችላለሁ። አንድ ቃል ብቻ ይላኩልኝ። ይቆጡኝም እንደሆነ ይቆጡኝ። ዝም አይበሉኝ እንጂ።

ጫማውን ይርሱት። ስለ እግዚአብሔር ይርሱት።

ኢቫሉ


ሲዮራክ፣ ኦገስት 24 ቀን 1960

ለልጄ ለኢቫሉ።

በአጠራሬ አትደንግጪ፣ እስከ መጨረሻው አንብቢ። መርከቧ ነገ ስለምትሄድ አላረዝምም።

ሚኪሱክ ወሬኛ ነው፣ ግን አልዋሸም። ሦስት ጣት ቀርቷል። ሳሉም እውነት ነበር። ቦሌቴም ብላለች፤ በጆሮዬ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነው ያለችው።

ተቆጪ ካልሽኝ፣ አዎ፣ ተቆጥቼ ነበር። አንድ ሳምንት ሙሉ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተቆጣሁ። ስሜን ስለሰጠሽ አይደለም። እህቴን ዳግመኛ ውጭ ስለተውሽብኝ ነው። የእኔ ኢናሉክ ገብታ ሞቃ፣ ቱኩማ ግን እንደቆመች።

ከዚያ ቀኑን አሰብኩ። ልጅሽን ያስጠመቅሽው ሆሳዕና ዕለት ነው። እኔ በደሴቷ ላይ በጠፍሬ ቋጠሮ ቀን እቆጥር ነበር። ሸክሜ ወርዶ የተነሳሁት ያን ዕለት ነው፤ ካራሌ በቀን መቁጠሪያው አስልቶ አረጋገጠልኝ። ሃምሳ ስምንት ዓመት የተሸከምኩትን ስም ያን ጠዋት አንቺ ከጀርባዬ አወረድሽልኝ። በቀጭን በረዶ ላይ የሚሄድ ሰው መቅለል አለበት። ከነስሜ ብሆን እሰምጥ ነበር። አልወሰድሽብኝም፣ ኢቫሉ። ተቀበልሽኝ።

አባቶቻችን የታመመ ሰው አሮጌ ስሙን ጥሎ ሌላ ሲይዝ ይድናል ይሉ እንደነበር ታስታውሻለሽ። እኔ ደግሞ ስም የሌለኝ ሴት ነኝ፣ ደጄ ላይ ደግሞ አራት ዓመት ቤት ያጣ ስም ቆሟል። ሁለቱን ለማገናኘት ለምን ይህን ያህል እንደፈጀብኝ እንጃ። ዕድሜ ነው።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ድስት ጥጄ መንደሩን ጠራሁ። ቆሜ «ኢናሉክ ኮፐንሃገን ናት፣ ወፍራለች አሉ። እኔ ከዛሬ ጀምሮ ቱኩማ ነኝ» አልኩ። ቦሌቴ «በዚህ ዕድሜሽ?» አለች። «ስሙ ዕድሜዬን አልጠየቀኝም፣ አንቺ ምን ቤት ነሽ?» አልኳት። ትንሿ ኡሳርካክ ተጨነቀች። «ታዲያ እኔ አባትሽ መሆኔ ቀረ?» አለችኝ። «እንዴት ይቀራል? ቱኩማም የእርስዎ ልጅ ናት» አልኳት። «ስኳሩስ?» አለች። «ስኳሩም አይቀርም» አልኩ። ሁሉም ሳቀ፣ ነገሩም በዚያ ጸደቀ።

ሳሉ ለቅቆኛል። ካራሌ መድኃኒቱ ነው ይላል፣ ቦሌቴ ስሙ ነው ትላለች። እኔ ሁለቱንም ውጫለሁ።

እንግዲህ ሕፃኗን ያለ ፍርሃት በስሟ ጥሪያት። ኢናሉክ ናት፣ ታናሽ እህቴ ናት። በልጅነታችን ያስቸገረችኝን ያህል አንቺን ታስቸግርሽ።

ጫማው ከዚህ ጋር ተልኳል። ከደሴቷ ያመጣሁት ቆዳ ነው። በግራ እጅ መስፋት ለመማር በጋው በሙሉ አለቀ። አንደኛው ጠማማ ነው፣ መጀመሪያ የሰፋሁት እሱ ነው። ሁለቱም ውሃ አያስገቡም፤ ውሃ ሞልቼ ፈትኜያቸዋለሁ። «ለጫማው ብለው ጠፉ» እያልሽ ራስሽን እንዳትበይ። ያጠፋኝ ነፋስ ነው። ያን ሁሉ ቀን ያቆየኝ ግን የምሰፋው ነገር ስለነበረኝ ነው።

አሁን ደግሞ እናትሽ ነኝና ልቆጣሽ። ከስተሻል አሉ፣ ብዪ። ያን ምስኪን ባልሽን ስለ እኔ እያወራሽ ፌርማታ አታስረሺው። ክረምት ሲገባ ጆሮሽን ሸፍኚ፣ ከልጅነትሽ ጀምሮ ጆሮሽን ነው የሚያምሽ። አራት ዓመት ያላወጣሽውንም ቃል፣ ስትፈልጊ፣ የምትልኪበት አድራሻ አለሽ።

እናትሽ ቱኩማ


ቴሌግራም
ኮፐንሃገን፣ ኦክቶበር 17 ቀን 1960
ለቱኩማ፣ ሲዮራክ

እማ። ጫማው ደረሰ። ኢናሉክ አድርጋው ተኛች፣ አውልቁ ስንላት ታለቅሳለች። ጠማማው የበለጠ ይስማማታል። ጆሮዬን ሸፍኛለሁ። እማ፣ እማ፣ በጣም ናፍቀሽኛል። ልጅሽ ኢቫሉ።